የተገነጠሉት ሁለት ገጾች

የመጀመሪያው ድንጋይ የታይፕ ክፍሉን መስታወት አውርዶ የሺታዬ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። ሁለተኛው የግድግዳውን ሰዓት መታው። ሦስተኛውን አልጠበቀችም፤ ከወንበሯ ወርዳ ጠረጴዛው ሥር ገባች። የመስታወቱ ስብርባሪ መዳፏን ቢቆርጣትም ልብ አላለችውም። ከግቢው በኩል ብዙ ሰው በአንድ ጉሮሮ ይጮኻል።

«ዋልን አውጡልን! ስማችንን ያጠፋውን አውጡልን!»

ከዚያ ሁሉ ድምፅ አንዱን ለይታ አወቀችው። የታላቅ ወንድሟ የፍቃዱ ድምፅ ነው።

ባለፈው ሳምንት ይህችን መጽሔት ሳያነብ ለሳሙና መጠቅለያ ያዋለ አንባቢ ካለ አልቀየመውም፤ ነገሩን በአጭሩ እነግረዋለሁ። ሺታዬ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ በጭነት መኪና ተጭኖ ጋምቤላ የሰፈረው የገበሬው የአቶ ደሞዝ ልጅ ናት። ቤታቸው ሸንበቆ መንደር ነው። ዋል ደግሞ ከባሮ ወንዝ ቁልቁል ያለችው የማታር ከተማ ልጅ ነው፤ በልጅነቱ ከእናቱ ጋር በጀልባ ባሮን ሽቅብ መጥቶ ከተማው ውስጥ ያደገ፣ እሑድ እሑድ በጸሎት ቤቱ ከበሮ የሚመታ ዘለግ ያለ ጎልማሳ። ጋምቤላ ክልል ከሆነች ወዲህ ለዘር ማከፋፈያው ጽሕፈት ቤት አንድ ኮምፒዩተር መጣ፤ ዋል አንድ ወር አዲስ አበባ ሰልጥኖ ኦፕሬተር ሆነ፤ ሺታዬም እዚያው ታይፒስት ነበረች።

ከኮምፒዩተሩ ጋር ስለ ፕሮግራሙ የሚያስረዳ ማኑዋልም መጥቶ ነበር። አንድ ሊቅ ወደ አማርኛ መልሶታል ተባለ። ምን ዓይነት አማርኛ መሰላችሁ! አንዱ ዓረፍተ ነገር ከገጹ ራስ ይነሣና ግርጌ ሳይደርስ አያርፍም። ነገር ሲበዛ በአህያ አይጫንም ይባላል፤ ያኛው በግመልም አይጫን። አማርኛን በትምህርት ቤት የተማሩት የጽሕፈት ቤቱ ልጆች ይቅሩና በአማርኛ አፉን የፈታው የመጋዘን ኃላፊው ጋሽ ረድዋን እንኳ አንብቦ ሲጨርስ መጀመሪያው ይጠፋበት ነበር። ስለዚህ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሺታዬን ጠርተው «አማርኛሽ ጥሩ ነው፤ ይህን ነገር ሰው የሚያነበው አድርጊልን» አሏት።

ስድስት ወር ፈጀ። እሷ ረጅሙን ትቆራርጣለች፣ ታይፕ ታደርጋለች። እሱ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ ገጹ ያለውን ብቻ ያደርጋል። የተደናገረበት ቦታ ላይ ኅዳጉ ላይ በእርሳስ «እዚህ ጋ ጠፋሁ» ብሎ ይጽፍላታል፤ እሷ እንደገና ትጽፈዋለች። አንድ ቀን ስለ ፕሪንተሩ ከሚያወራው ምዕራፍ አጠገብ «ገጹ ገባኝ። አንቺ ግን አልገባሽኝም» የሚል አገኘች። ቀኑን ሙሉ ታይፑን ስትስት ዋለች። በማግስቱ ከሰጠችው ገጽ ጥግ ላይ «ቀስ ብለህ አንብበኛ» ብላ ጻፈችለት። ፍቅር የተጀመረው በዚህ ነው፤ በማኑዋል ኅዳግ ላይ።

ከሁለት ሳምንት በፊት ዋል ሽማግሌ ላከ። አቶ ደሞዝ ሽማግሌዎቹን አስቀምጦ እንኳ አላነጋገረም። «ልጄን ወንዝ አሻግሬ አልድርም» አለና በሩን ዘጋ። ዓርብ ደግሞ ፍቃዱ ደብተሯ ውስጥ ዋል ኅዳጉ ላይ የጻፈበትን አንድ ገጽ አገኘና በቀበቶ ገረፋት፤ የቀበቶው ዘለበት ዓይኗን አሳበጠው። ቅዳሜ ቤት ተቆልፎባት ዋለች። ማታ ወንድሟ ከከተማ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«የዘሩ ዝርዝር ግድግዳ ላይ ተለጥፏል» አላት። «ከሸንበቆ መንደር አንድ ሰው የለም። አንድም! አባትሽ የለም። ያ ያንቺ ዋል ሽማግሌው ስለተመለሰበት መንደሩን በሙሉ ሰርዞ ተበቀለን።»

ወሩ ጥቅምት ነው። ባሮ ሞልቶ የሸሸበት መሬት ርጥበቱ ሳይደርቅ በቆሎ ካልተዘራበት ዓመቱ ሙሉ ረሃብ ነው፤ ዘር የጫኑት መኪኖች ደግሞ በዝርዝሩ መሠረት ማክሰኞ ይወጣሉ። ሺታዬ አለቀሰች። ከዚያም፣ እግዜር ይቅር ይበላትና፣ ወንድሟን አመነችው። ሰኞ ጠዋት ፍቃዱ ራሱ በሩን ከፍቶ «ሂጂና ጉድሽን እዪ» ሲላት ሥራ ልትገባ አልነበረም የሄደችው። ዋል ፊት ላይ ልትተፋ ነው፤ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ድፍረት ስታሰባስብ ግን ድንጋዩ ቀደማት።

* * *

ከጠረጴዛው ሥር ወጥታ የኮምፒዩተር ክፍሉን በር ገፋችው። ዋል ከጠፋው ስክሪን ፊት እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። በውጭው በር ላይ ዱላ ይወርዳል፤ እሱ ግን የማይሰማ ይመስላል።

«እውነት ነው?» አለችው።

ቀና ብሎ አያት። አስተያየቱ ዓይኗ ላይ ሲደርስ እዚያው ቀረ።

«የመንደራችንን ስም አጥፍተሃል?»

«አዎ። እኔ ነኝ። በዚህ እጅ ተጫንኩ።»

«አባቴ እምቢ ስላለህ?»

«ማነው የመታሽ?»

«የጠየቅኩህን መልስልኝ!»

«ማነው ዓይንሽን እንደዚህ ያደረገው?»

በጥፊ አጮለችው። ጭንቅላቱ ወደ ጎን ዞረና እዚያው ቆየ። ሁለተኛ ጊዜ መታችው፤ በተቆረጠው መዳፏ ስለነበር ደሟ ጉንጩ ላይ ተቀባ።

«ወንድሜስ የመታኝ በቀበቶ ነው!» ብላ ጮኸችበት። «አንተ ግን በረሃብ ነው የመታኸኝ! ሽማግሌ አባቴን፣ መንደሩን፣ ሕፃናቱን! እኔን ለማግኘት ይህን ያህል ትከፋለህ?»

የዋል እጅ ሳያስበው ወደ ሸሚዙ ኪስ ሄዶ ተመለሰ። በመጨረሻ «ሺታዬ፣ በጓሮው በር ውጪ። አሁን። ሰዎቹ ሲገቡ እዚህ እንዳያገኙሽ» አለ።

አንድ ቃል ቢላት ታምነው ነበር። አንዲት ቃል እንኳ ነፈጋት፤ ከጥፊው ይልቅ የእሷን እጅ ያቃጠላት ይህ ነው።

* * *

ኮሪደሩ ላይ ጋሽ ረድዋን የብረቱን ቁም ሳጥን እየገፋ በሩን ያስደግፋል። ቅንድቡ በድንጋይ ተፈንክቶ ደሙ ጢሙ ላይ ይንጠባጠባል።

«ምን ሆነሽ ነው ልጁን የምትመቺው?» አላት እያለከለከ። «ሰምቻለሁ እኮ። እሱን ከምትመቺ እኔን ምቺኝ!»

«እርስዎ ምን አደረጉ ጋሽ ረድዋን?»

«ያነበብኩለት እኔ ነኛ!»

በዚያ ጽሕፈት ቤት አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይጫናል። ጄኔሬተሩ በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ስለሚነሣ ማኑዋል እያገላበጡ የሚያጠፉት ደቂቃ የለም። የሚጫነው ዓይኑን ከስክሪኑ አያነሣም፤ የሰማውን ያደርጋል፤ አይጠይቅም። ማንበቡ የሺታዬ ድርሻ ነበር። ቅዳሜ ግን ሺታዬ ተቆልፎባት ነበር።

«አንቺ ስትቀሪ ማንበቡ ለእኔ ደረሰ» አለ ጋሽ ረድዋን። «የሸንበቆን መዝገብ እያስተካከልን ነው። አራተኛውን መስመር ‹የመንደሩን አሮጌ መዝገብ ያጥፉ› ብዬ አነበብኩለት፤ ተጫነ። ገጹን ገለጥኩት። በአዲሱ ገጽ አናት ላይ ‹ከማጥፋትዎ በፊት አዲሱ መዝገብ በፍሎፒ መቀመጡን ያረጋግጡ› ይላል። ቀና ስል ስክሪኑ ባዶ ነው። ፍሎፒውም ባዶ። የቀረው ዝርዝር እንዲሁ ታትሞ ተለጠፈ።»

ሺታዬ ግድግዳውን ተደገፈች። «ከዚያስ?»

«ከዚያማ ዋል ያንን ገጽና የፊተኛውን ከማኑዋሉ ገንጥሎ ኪሱ ከተታቸው። ‹ጋሼ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው የለበትም፣ ማልልኝ› አለኝ። ማልኩለት። ወላሂ ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።»

ለእሷ ግን ገባት። ወደ ጠረጴዛዋ ሮጣ መሳቢያውን ጎተተችው። የማኑዋሉ የካርቦን ቅጂ እዚያ አለ። ገጽ አሥራ አራት፣ አራተኛ መስመር፣ ከዚያ የወረቀቱ ጠርዝ። ገጽ አሥራ አምስት፣ ማስጠንቀቂያው። ያ ሊቅ የጻፈው ጥልፍልፍ አማርኛ እንኳ ማስጠንቀቂያውን ያስቀደመው መጀመሪያ ላይ ነበር። ዓረፍተ ነገሩን አከበደው ብላ ከራሱ ላይ ያነሣችው እሷ ናት። ኋላ ትዝ ሲላት ከአራተኛው መስመር ቀጥላ ጻፈችው፤ ገጹም በማለቁ ወደሚቀጥለው ተሻገረ። ሲሞክሩትስ ለምን አልታየም? ሲሞክሩት አንባቢዋ ራሷ ነበረችና ነው። ሁሉንም በቃሏ ስለያዘችው ወረቀቱን ሳታይ ማስጠንቀቂያውን አስቀድማ ትነግረው ነበር። ከጥፋት በኋላ የመጣ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ለቅሶ እንጂ ሌላ ምንም አይደለም።

ዋል ቅዳሜ ጠዋት የተጫነው እሷ ስለጻፈችው ነው። ገጾቹን ኪሱ የከተተውም እሷ ስለጻፈችው ነው። እሷ ደግሞ ሁለት ጊዜ በጥፊ መታችው።

«ቤንዚን አምጡ!» አለ አንድ ድምፅ ከግቢው። «ከነቤቱ ይቃጠል!»

ጋሽ ረድዋን ራሱን ያዘ። «ያ አላህ! ቅጾቹ እዚህ ናቸው! የመንደሩ ሰው በጣቱ የፈረመበት ቅጽ በሙሉ መጋዘን ውስጥ ነው። ከቅጹ ላይ በሦስት ቀን መልሰን እንጽፈው ነበር። እሱ ከተቃጠለ የሸንበቆ ሰው ስም የትም የለም!»

ይህን ሲል ዋል ከኮምፒዩተር ክፍሉ ወጣ። ሁለቱንም አላያቸውም። ቁም ሳጥኑን በአንድ ትከሻው ገፍቶ አነሣና መቀርቀሪያውን ከፈተው። ሺታዬ «ዋል!» ብላ ስትጣራ ከግቢው የገባው ጩኸት ድምፅዋን ዋጠው፤ ልቧም አብሮ ወደ ውጭ ወጣ።

* * *

ዋል ሁለት እጁን ወደ ላይ አድርጎ ደረጃውን ወረደ። ሰዉ የጠበቀው ጎትቶ ሊያወጣው ነበርና ለአፍታ ወደ ኋላ አለ።

«ቅጾቹ ውስጥ ናቸው!» አለ ዋል። «የእናንተ ስም ውስጥ ነው። ቤቱን አታቃጥሉ። እኔ ይኸው ወጣሁ።»

አንድ ድንጋይ አፉን መታው። ሌላው ጉልበቱን። ዱላ ከኋላ መጥቶ ትከሻው ላይ ሲያርፍ በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከ፤ ከዚያ በኋላ የማን ዱላ የማን እንደሆነ የሚለይ አልነበረም። ፈሪው ሁሉ ደፋር ሆነ። ከሩቅ የነበረው ቀርቦ ረገጠው፤ የረገጠው ተመልሶ ደገመው። ዋል ጭንቅላቱን በክንዶቹ ከልሎ አቧራው ላይ ተጠቀለለ፤ አንድ ጊዜም አልጮኸም።

ፍቃዱ ሰዉን በክርኑ እየሰነጠቀ መጣ። በእጁ የሸንኮራ መቁረጫ ገጀራ ይዟል።

«ልቀቁት! የእኔ ነው!»

ሺታዬ ከደረጃው ዘለለች። አንዱ ሻሿን፣ አንዱ ቀሚሷን ያዘ፤ ቀሚሷ ተቀደደ፤ አልቆመችም። «ፍቃዱ! በእናታችን አጥንት!» አለች። ገጀራው ግን እየወረደ ነበር። ዋል ቀኝ ክንዱን አነሣበት። የአጥንቱ መሰበር ከጩኸቱ በላይ ተሰማ።

ፍቃዱ ገጀራውን ነቅሎ ለሁለተኛ ጊዜ ሲያነሣ እህቱን ከዋል ላይ ተደፍታ አገኛት።

«ተነሺ!»

«አልነሣም!»

«ተነሺ ብዬሻለሁ! ለሁለታችሁም አልመለስም!»

«ግደለኛ!» አለች፤ ፊቷ በዋል ደም ተነክሯል። «መግደል ካለብህ እኔን ነው! መንደሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ! ማኑዋሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ! ‹አጥፋ› ብዬ የጻፍኩለት እኔ ነኝ፤ እሱ እኔን አምኖ ተጫነ! ገጹን ደብቆ በእኔ ፈንታ ሲወገር እያያችሁ ነው! በል ምታ፤ ምን ትጠብቃለህ?»

«ለውሽማዋ ስትል ነው» አለ አንዱ ከኋላ።

ሺታዬ የዋልን ኪስ ፈለገችና የታጠፉትን ሁለት ገጾች አወጣች። ጠርዛቸው ቀልቷል። ወደ ወንድሟ ሳይሆን ከሰዉ መካከል ወደቆመው ወደ አባቷ ዘረጋቻቸው።

አቶ ደሞዝ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠረ ሰው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያነበበው ነገር ቢቆጠር አሥር አይሞላም። ወረቀቱን ከዓይኑ አራቀና በጣቱ እየተከተለ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። አንደኛውን መስመር አነበበ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን አነበበ። አልተደናገረም፤ ልጁ ማንም ሰው እንዲገባው አድርጋ የጻፈችው ነውና አባቷም ገባው። «‹የመንደሩን አሮጌ መዝገብ ያጥፉ›» አለ። ገጹን ቀየረ። «‹ከማጥፋትዎ በፊት...›» ብሎ ቆመ። ከንፈሩ ቀሪውን ድምፅ ሳያወጣ ጨረሰው።

«ያንቺ ጽሑፍ ነው?»

«የእኔ ነው አባባ።»

«እሱ ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

አቶ ደሞዝ ወደ ልጁ ወደ ፍቃዱ ሄደና ገጀራውን ከእጁ ወሰደ። ፍቃዱ ሊይዝ ሞከረ፤ ሽማግሌው በገጀራው ጀርባ ደረቱን መትቶ ወደ ኋላ ጣለው። የቤንዚኑን ጀሪካን የያዘውን ሰውዬ አየው፤ ሰውዬው ጀሪካኑን መሬት አስቀመጠ። ከዚያ ፎጣውን ከትከሻው አውርዶ ለሺታዬ ወረወረላት።

«ክንዱን እሰሪለት» አላት፤ ፊቷን ግን አላየም። «ማታ ወደ እኔ ቤት እንዳትመጪ።»

ሺታዬ ፎጣውን ጠምዝዛ የዋልን ክንድ አሰረች። አባቷ ጀርባውን ሰጥቷት ሲሄድ ዳግም እንደማይዞር አወቀች።

* * *

ከሰዓት በኋላ ሆስፒታሉ ለዋል አንድ አልጋ ሰጥቶታል። ክንዱ ተሰፍቶ በእንጨት ታስሯል፤ ጣቶቹ ወደፊት ይታዘዙት እንደሆነ ሐኪሙ አልነገራቸውም። እናቱ ኛጋች ከአልጋው እግርጌ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ዘርግታ ተቀምጣለች። አማርኛ አታውቅም። ሺታዬ ስትገባ ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና አንገቷን ደፋች።

«ጋሽ ረድዋን መጥተው ነበር» አለች ሺታዬ። «ቅጾቹ ደህና ናቸው። ኃላፊው የሸንበቆን መኪና ለሦስት ቀን አቆይተውታል። አንተን ካየሁ በኋላ ዝርዝሩን ከቅጾቹ ልጽፍ እሄዳለሁ።»

«ጥሩ» አለ። ከንፈሩ አብጦ ቃሉ ይሰባበራል። «ለምን ተናገርሽ? ገጹን የያዝኩት ላንቺ ነበር። አባትሽ እንዳይጠላሽ ብዬ።»

«ጠላኝ።»

«እኔ አለሁ» አለ ዋል፤ በግራ እጁም ጣቶቿን ፈልጎ ያዘ።

እዚያ ላይ ዝም ብትል ኖሮ! ሁሉም ነገር አልፎ ነበር። እጁ እጇ ላይ ነው፤ ዓይኑ ዓይኗ ላይ ነው፤ ስድስት ወር በእርሳስ ሲጠያየቁ የኖሩት ነገር ተመልሷል። ሌላ ሴት ብትሆን ሆዷ ውስጥ ቀብራው ታረጅ ነበር። ሺታዬ ግን ያን ቀን እውነትን አንዴ ጀምራዋለች፤ ግማሹን ውጣ ግማሹን መትፋት አልሆነላትም።

«ዋል፣ ጥፊው...»

«ጥፊውን ተይው።»

«አልተወውም። ተናድጄ ብቻ አይደለም የመታሁህ። አምኜው ነው። ፍቃዱ ‹ሊበቀለን ነው› ሲለኝ አመንኩት። ከቅዳሜ ማታ እስከ ዛሬ ጠዋት።»

በመስኮቱ በኩል ባሮ ላይ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ሳቅ ይሰማል።

«ሁለት ሌሊት?»

«ሁለት ሌሊት።»

ጣቶቹ ከጣቶቿ ላይ ቀስ ብለው ተነሡ። በንዴት አልነበረም፤ የደከመ ሰው የያዘውን ዕቃ እንደሚያስቀምጥ ነው።

«ጋሽ ረድዋን መስመሩን ሲያነብ» አለ፤ «እጄ ትንሽ ፈራ። አጥፋ የሚል ቃል ከባድ ነው። ገጹን ማን ጻፈ አልኩ በልቤ። ሺታዬ ናት። ተጫንኩ። ሺታዬ፣ እኔ አንድ ሰከንድ አልጠረጠርኩሽም።»

በዱላ ሲወገር ያልወረደ፣ ክንዱ ያለ በቂ ማደንዘዣ ሲሰፋ ያልወረደ እንባ አሁን ከዓይኑ ጥግ ወጥቶ ወደ ጆሮው ወረደ። በሚሠራው እጁ አልጠረገውም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ኛጋች የተባለው አንዱም አልገባትም፤ የልጇን እንባ ግን አየች። ከእሱ ወደ ልጅቷ፣ ከልጅቷ ወደ እሱ ተመለከተች። ሺታዬ «ውጪ» እስክትባል ቆማ ጠበቀች። ማንም አላላትም። «ቅሪ»ም አላላትም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ መወደዷን ነበር የምታውቀው፤ ምን ያህል ታምና እንደነበር የገባት ገና አሁን ነው።